ስክሪኑ ጭጭ ሲል፦ የማሳያ ኮድን ጥፋት ከሽቦ እስከ ፊደል መፈለግ

አራት ኪሎ አካባቢ አንዲት እርጎ ቤት አለች። ባለቤቷን እትዬ ነው የምላቸው። እርጎ ማርጊያ ሣጥን ሠርቼላቸው ነበር። ሣጥኑ ውስጥ አምፖል አለ፣ የሙቀት ሴንሰር አለ፣ አንድ አርዱዊኖ ናኖ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) አለ። በሩ ላይ ደግሞ ከክብሪት ቀፎ ያነሰች ስክሪን አለች። «ሙቀት 43» ብላ ትጽፋለች። በሳምንቱ ስልክ ተደወለ።

«ልጄ፣ ይኼ ነገርህ ዛሬም ጭጭ ብሏል።»

«መብራት ሄዶ ነበር እንዴ፣ እትዬ?»

«ኧረ መብራትስ አለ። አምፖሉም ይበራል። ጽሑፉ ብቻ ነው የጠፋው።»

ላፕቶፔን ከፍቼ ኮዱን ማረም ጀመርኩ። የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። አምፖሉ እየበራ ጽሑፉ ብቻ መጥፋቱ ትልቅ ፍንጭ ነበር። እኔ ግን ሁለት ሌሊት ሙሉ ያልታመመ ኮድ ሳክም አደርኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይሄኔ ነው። ከዚያ ወዲህ የምከተለውን ቅደም ተከተል እነሆ። የእትዬን ስክሪን ምን እንዳጠፋው መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት

የማወራው አርዱዊኖ የነካካ ሰው ሁሉ ስለሚያውቃት ባለ 0.96 ኢንች ኦሌድ (ነጥቦቿ ራሳቸው የሚያበሩ ስክሪን) ነው። 128 በ64 ፒክስል ናት፣ አራት ፒን አላት፣ ውስጧ ኤስኤስዲ1306 የሚባል መቆጣጠሪያ ቺፕ አለ። ናኖው ላይ ያለው ቺፕ ኤቲሜጋ328ፒ ነው። አንድ ቴስተርና ዳታ የሚያስተላልፍ ኬብል ያስፈልጋችኋል። ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ኬብል ስንቱን ሰው አድክሟል።

ዳታሺቱ (የቺፑ አምራች መመሪያ) ትእዛዞቹን በአሥራ ስድስት ቤት ይጽፋቸዋል። እኔ በለመድነው በአሥር ቤት ነው የምጽፋቸው። ኮዳችሁ ውስጥ እንዲሁ ብታስገቧቸው ቺፑ ግድ የለውም።

መጀመሪያ ኮዳችሁ ቺፑ ውስጥ መግባቱን አረጋግጡ። ፒን 13 ላይ ያለችውን መብራት በየሰከንዱ ብልጭ የምታደርግ ኮድ ጫኑ። ቀጥሎ በየሁለት ሰከንዱ አድርጉት። ፍጥነቱ ካልተለወጠ፣ የምታርሙት ኮድና ቺፑ ውስጥ ያለው ኮድ አይተዋወቁም። ርካሽ ናኖ ከሆነ መጫኛው ፕሮግራም ላይ አሮጌውን ቡትሎደር (ቺፑ ውስጥ ሆኖ አዲስ ኮድ የሚቀበለውን ፕሮግራም) መርጣችሁ ሞክሩ።

ሽቦውን ጠርጥሩ

ኃይል ከመስጠታችሁ በፊት የስክሪኑን ፒኖች ስም አንብቡ። ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ሰሌዳ አለ። በአንዱ የመጀመሪያው ፒን ግራውንድ፣ ሁለተኛው ፖዘቲቭ ነው። በሌላው ተገላቢጦሽ ነው። መልካቸው ቁርጥ አንድ ነው። በአሮጌው ቦታ አዲሱን ዝም ብሎ የሰካ ሰው ጭስ ያሸታል። እኔ አንዴ አሽትቻለሁ።

ናኖ ላይ የዳታው ሽቦ ኤ4፣ የክሎኩ (ዳታው የሚሄድበትን ምት የሚመታው) ሽቦ ኤ5 ላይ ይሰካል። ሰክታችሁ ስትጨርሱ ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉ። ኮዱ ምንም በማይልክበት ሰዓት ኤ4ን ከግራውንድ ጋር ለኩ። ቀጥሎ ኤ5ን። ሁለቱም ከፍ ብለው መታየት አለባቸው፤ እንደ ሰሌዳው 3.3 ወይም 5 ቮልት አካባቢ። አይ2ሲ በሚባለው በዚህ ባለ ሁለት ሽቦ አሠራር ቺፖቹ ሽቦውን ወደ ታች ይጎትታሉ እንጂ ወደ ላይ አይገፉም። ወደ ላይ የሚይዘው ሬዚስተር ነው። ብዙዎቹ ሰሌዳዎች ሬዚስተሩ አላቸው። ከሌላቸው በየሽቦው አንድ አንድ 4.7 ኪሎ ኦም ወደ ፖዘቲቩ ጨምሩ። ቺፑ ውስጥ ያለው ከ20 እስከ 50 ኪሎ ኦም ስለሆነ አቅም የለውም።

ኤ4 ብቻ ዜሮ ላይ ተጣብቆ ከቀረስ? ሾርት ከሌለ፣ ምናልባት ናኖው ወሬው መሃል ላይ ሪሴት አድርጓል። ስክሪኑ ተራውን እየጠበቀ ሽቦውን ይዞ ቀርቷል። የስክሪኑን ኃይል አጥፍታችሁ አብሩ። በኮድ ማድረግ ከፈለጋችሁ ክሎኩን ዘጠኝ ጊዜ ከፍና ዝቅ አድርጉት፣ ይለቃል።

አንድ የአምስት ኪሎ ተማሪ «ላይብረሪው አይሠራም» ብሎ መጥቶ ነበር፤ ላይብረሪ ማለት ሌላ ሰው ጽፎ ያዘጋጀው ኮድ ነው። ሰሌዳውን ገለበጥኩት። ፒኖቹ ቀዳዳው ውስጥ ገብተዋል እንጂ አልተበየዱም። ካውያና ስታኞ አወጣሁ፣ በሦስት ደቂቃ አለቀ። ሦስት ላይብረሪ ቀያይሮ ነበር፣ ምስኪን።

አድራሻውን ጠይቁ

አሁን ከ1 እስከ 126 ያሉትን አድራሻዎች አንድ በአንድ የሚጠራ ስካነር ጫኑ። ዋየር ከሚባለው ላይብረሪ ጋር ምሳሌው በየቦታው ይገኛል። መልሱ 60 ወይም 61 መሆን አለበት። እዚህ ጋ አንዲት ወጥመድ አለች። ብዙ ሰሌዳዎች ጀርባቸው ላይ የተጻፈው 60 ሳይሆን እጥፉ፣ ማለትም 120 ነው (ያው በአሥራ ስድስት ቤት ተጽፎ)። የተጻፈውን አምኖ ኮዱ ውስጥ ያስገባ ሰው ሰው የሌለበትን በር ሲያንኳኳ ይውላል።

ንግግሩን ስትዘጉ ላይብረሪው የሚመልሰውን ቁጥር አትናቁ። 0 ማለት ሰምቷል። 2 ማለት በዚያ አድራሻ የሚመልስ የለም። 3 ማለት አድራሻውን ሰምቶ መሃል ላይ አቋርጧል። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር ሳያየው ያልፋል። እኔ አሁን በየጊዜው ኮምፒውተሩ ላይ አጽፈዋለሁ።

ያለ ላይብረሪ አንዴ አብሩት

ከሁሉ የምወደው ይሄን ደረጃ ነው። የስክሪኑን ላይብረሪ አስቀምጡና (ዋየር ብቻ ይቅር) ስክሪኑን በአምስት ባይት ብቻ አናግሩት። አድራሻ 60ን ክፈቱ፣ መጀመሪያ 0 ላኩ። ይሄ «የሚከተለው ትእዛዝ ነው» ማለት ነው። ከዚያ 141፣ 20፣ 175፣ 165 ብላችሁ ዝጉ።

141 እና 20 ስክሪኑ ውስጥ ያለውን ቮልቴጅ ማሳደጊያ ያበራሉ። ኦሌዱ በ3.3 ቮልት ብቻ አይበራም። 175 «ተነሳ» ማለት ነው። 165 ደግሞ «ሚሞሪህን ተወው፣ ሁሉንም ፒክስል አብራ» ይላል።

መላው ስክሪን ቦግ ካለ ሽቦው፣ አድራሻው፣ ኃይሉና ስክሪኑ ሁሉም ነጻ ናቸው። ጥፋቱ ያለው ከዚህ በኋላ በጻፋችሁት ኮድ ውስጥ ነው። መልሱ 0 ሆኖ ካልበራ ደግሞ መጀመሪያ 141 እና 20 መላካቸውን እዩ። እነሱ ሲረሱ ስክሪኑ ሁሉንም ትእዛዝ እሺ እያለ ይቀበላል፣ ግን አይበራም። እሺታው ያታልላል።

ቀጥሎ 164 ላኩ። ስክሪኑ ወደ ሚሞሪው ይመለሳል፣ የተዘበራረቀ ነጠብጣብ ይታያል። አትደንግጡ፣ ይሄ ጥሩ ምልክት ነው። ሚሞሪው ኃይል ሲያገኝ የያዘው ትርኪምርኪ ነው። 1024 ዜሮ ስትልኩለት ይጠራል። ዳታ ስትልኩ የመጀመሪያው ባይት 0 ሳይሆን 64 ነው። ይህችን ከረሳችሁ ሥዕላችሁን እንደ ትእዛዝ ይቆጥረውና ጉድ ይፈላል።

የተበላሸውን መልክ አንብቡ

ስክሪኑ በርቶ ነገር ግን የሚያሳየው ትክክል ካልሆነ፣ ኮዱን ከመንካታችሁ በፊት መልኩን በስልክ ፎቶ አንሱት። ብልሽቱ መልክ አለው።

የግራው ሩብ ብቻ ከታየ፦ የዋየር ላይብረሪ ቡፈር (የሚላከውን ለጊዜው የሚያጠራቅምበት ቦታ) ናኖ ላይ 32 ባይት ብቻ ነው። አንዷን ባይት ያቺ መጀመሪያ የምትላከው 64 ትወስዳታለች፣ ለሥዕል 31 ይቀራል። 128 በአንዴ ስትጭኑበት የተረፈውን ድምፁን ሳያሰማ ይጥለዋል። በ16 በ16 እየቆረጣችሁ ላኩ።

ሁሉም ነገር ሁለት ፒክስል ወደ ጎን ሸርተት ብሎ ጠርዙ ላይ ቀጭን የነጠብጣብ መስመር ከቀረ፦ ስክሪናችሁ ኤስኤስዲ1306 ሳይሆን ኤስኤች1106 ነው። በተለይ 1.3 ኢንች ከሆነ ጠርጥሩ። የእሱ ሚሞሪ 132 ዓምድ አለው፣ የሚታየው መሃሉ ነው። ከመስመር መስመር በራሱ የሚሻገረውን አላላክም አያውቅም። ስለዚህ በገጽ በገጽ ላኩለት፤ ገጽ ማለት ስምንት ፒክስል ቁመት ያለው አግድም ቁራጭ ነው። 176 ላይ የገጹን ቁጥር ከ0 እስከ 7 ደምሩ፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 16፣ ቀጥሎ 128 ባይት ዳታ። 2ን በ0 ብትተኩት ያው ኮድ ለኤስኤስዲ1306ም ይሆናል።

ጽሑፉ መስመር እየዘለለ ከተበጣጠሰ የ128 በ32 ስክሪን ቅንብር ለ128 በ64 ሰጥታችኋል፣ ወይም ተገላቢጦሹን። ከ168 ቀጥሎ 63፣ ከ218 ቀጥሎ 18 መሆን አለበት። ለ32ቱ 31 እና 2 ነው። በመስታወት እንደታየ ከተገለበጠ 160ን በ161 ቀይሩ። ላይ ታች ከሆነ 192ን በ200። ለሙከራ ግን ሀን አትጻፉ። ግራና ቀኙ ስለሚመሳሰል ተገልብጦም ልክ ይመስላል። ረ ይሻላል።

ፊደል ሲመጣ

እትዬ «ቴምፕ» የሚል እንግሊዝኛ አልፈልግም ብለዋል። ልክ ናቸው። ስለዚህ የሚቀጥለው ለአማርኛ ጸሐፊዎች ነው።

«ሙቀት» ለእኛ ሦስት ፊደል ነው። ኮዱ ውስጥ ግን ዘጠኝ ባይት ነው፤ በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። የተለመደው ላይብረሪ ይሄን አያውቅም። ዘጠኝ እንግዳ ምልክት ደርድሮ ያሳያችኋል። ስክሪን ላይ በፊደል ሦስት ሦስት ትርኪምርኪ ካያችሁ ምክንያቱ ይሄ ነው።

ሙን እንፍታት። ባይቶቹ 225፣ 136፣ 153 ናቸው። ከመጀመሪያው የታችኛውን አራት ቢት ውሰዱ፦ 1። ከሁለተኛው የታችኛውን ስድስት ቢት፦ 8። ከሦስተኛውም ስድስት ቢት፦ 25። አንዱን በ4096፣ ስምንቱን በ64 አባዙና 25 ደምሩ። 4633 ይመጣል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የሚጀምረው ከ4608፣ ከሀ ነው። ቀንሱ። 25 ቀረ።

25 ምንድን ነው? ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ የፊደል ቤት ስምንት ቦታ ሰጥቷል። ሀ ከ0 እስከ 7፣ ለ ከ8፣ ሐ ከ16፣ መ ከ24። ሙ ካዕብ ናት፣ 24 ሲደመር 1። ያው የቄስ ትምህርት ቤቱ ገበታ ነው።

ስምንት ነው ያልኩትን ልብ በሉ። የመጀመሪያውን የፊደል ሠንጠረዤን የሣልኩት ግድግዳ ላይ ከሚለጠፈው የ33ቱ ገበታ ነበር፣ በየቤቱ ሰባት ሰባት። ኮዱ ግን በስምንት ይቆጥራል። ስክሪኑ ላይ «ሜቡክ 43» የሚል ወጣ። እትዬ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩት፤ «ሜቡክ ደግሞ ማነው?» አሉኝ። ቁጭ ብዬ ሳሰላው 25 ለሰባት ሲካፈል ሦስት ቤት አልፎ አምስተኛው፣ ሜ ላይ ነው የሚያርፈው። ቀ 64ኛ ነው፣ ወደ ቡ ሄዷል። ት 117ኛ ነው፣ ክ ላይ ወደቀ። እንዲህ ያለ ስህተት ያስደስተኛል፤ ፊደሉ ጥርት ብሎ የተሳሳተ ፊደል ከሆነ ሥዕሉ ደህና ነው፣ ቆጠራው ነው የሳተው። ለስምንተኛዋም ባዶም ቢሆን ቦታ ስጧት።

የፊደሉ ሥዕል ራሱ ከተበላሸ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። እኛ ሥዕሉን በረድፍ እንሥላለን። ስክሪኑ ግን እያንዳንዱን ባይት በቁመት ነው የሚያቆመው፤ ስምንት ፒክስል፣ ትንሿ ቢት ከላይ። 16 በ16 የሆነ ፊደል ሁለት ገጽ ላይ ይቀመጣል። የላይኛው ግማሽ በራሱ፣ የታችኛውም በራሱ ከተዘቀዘቀ የቢቱን ቅደም ተከተል ገልብጡ። ፊደሉ ተኝቶ ከተበታተነ ረድፉን ወደ ዓምድ አልቀየራችሁም። ይህን ቅየራ ኮምፒውተር ላይ አንዴ ጨርሱት እንጂ ናኖውን አታስለፉት።

የጠበበች ሚሞሪ

ናኖ ያለው ራም 2048 ባይት ብቻ ነው። የስክሪኑ ሥዕል 1024 ይወስዳል፤ ግማሹ ሄደ። ብዙዎቻችን የምንጠቀመው ላይብረሪ ይህን 1024 የሚጠይቀው ሥራ ሲጀምር ነው። ስለዚህ ኮዱን ስትጭኑ «ራም 60 በመቶ ተይዟል» የሚለው ሪፖርት እሱን አይቆጥርም። ሪፖርቱን አይታችሁ ተረጋግታችሁ፣ ስክሪኑ ግን አይነሳም። ማስጀመሪያው ትእዛዝ የሚመልሰውን እውነት ወይም ሐሰት አጣሩ።

16 በ16 የሆነ አንድ ፊደል 32 ባይት ነው። 384ቱንም ቦታ ከሞላችሁ 12,288 ባይት ይሆናል። ራም ውስጥ የማይታሰብ ነው። 32 ኪሎባይቱ ፍላሽ (ኮዱ የሚቀመጥበት ሚሞሪ) ውስጥ ግን ይገባል። ሠንጠረዡን ፕሮግሜም በሚለው ቃል ፍላሽ ላይ አኑሩት። ስታነቡትም በፍላሽ ማንበቢያው አንብቡ፤ እንደ ተራ ድርድር ካነበባችሁት የማይረባ ነጠብጣብ ይመጣል። የእኔ ሣጥን ከአሥራ አምስት ፊደል በላይ ስለማያስፈልገው የተቀሩትን ቆርጬ ጥያለሁ። አሁንም ከጠበባችሁ ዩ8ጂ2 የሚባለው ላይብረሪ ገጽ በገጽ የሚሥልበት አሠራር አለው፤ በ1024 ፈንታ 128 ባይት ይበቃዋል።

አንድ ነገር ደግሞ። ሴንሰራችሁ ዲኤስ18ቢ20 ሆኖ ስክሪኑ ላይ 85 ካያችሁ፣ የማሳያውን ኮድ አትንኩ። ሴንሰሩ ለክቶ ሳይጨርስ ነው ያነበባችሁት። በሙሉ ጥራቱ ሲለካ እስከ 750 ሚሊሰከንድ ይፈጃል።

የፍሪጁ ጉዳይ

ወደ እትዬ ስክሪን እንመለስ። በሦስተኛው ቀን ላፕቶፔን ይዤ እርጎ ቤቷ ሄድኩ። ቤቴ ውስጥ ሲሠራ የኖረ ነገር እዚያ ለምን እንደሚጠፋ እዚያው ነው የሚታየው።

መጀመሪያ ኮዱ ሲነሳ «ተነሳሁ» ብሎ ወደ ኮምፒውተሩ እንዲጽፍ አደረግኩ። ከዚያ በየሰከንዱ ቁጥር ይቆጥራል። ይህ ዘዴ ዋጋው ብዙ ነው። ስክሪኑ ሲጠፋ «ተነሳሁ» ዳግም ከመጣ ናኖው ራሱ ሪሴት አድርጓል፤ ኃይሉን መፈተሽ ነው። ካልመጣና ቁጥሩ ከቀጠለ ናኖው በሕይወት አለ፣ የሞተው ስክሪኑ ብቻ ነው።

ማኪያቶ ታዝዞልኝ ቁጭ አልኩ። 212 ላይ ሲደርስ ስክሪኑ ጭጭ። ቁጥሩ 213፣ 214 እያለ ቀጠለ። ከአድራሻ 60 የሚመለሰውም 0 ነው። ስክሪኑ ይሰማል፣ ግን ቅንብሩን ረስቶ ተኝቷል። በዚያች ቅጽበት ከጀርባዬ ፍሪጁ እየተንቀጠቀጠ መነሳቱን ሰማሁ።

ቻርጀሩን ጠርጥሬ ናኖውን ከፓወር ባንክ አስነሳሁት። ፍሪጁ ሲነሳ ያው ጠፋ። ስለዚህ ረብሻው በቻርጀሩ በኩል አይደለም የሚገባው። ከናኖው እስከ በሩ ስክሪን 60 ሴንቲሜትር ሽቦ ዘርግቻለሁ። ሽቦው ደግሞ ከፍሪጁ ገመድ ጋር ተጠማዞ ነበር የሚሄደው። እኔው ራሴ ነኝ እንዲያምር ብዬ በፕላስተር ያሰርኩት።

ሽቦውን ፈታሁና በሌላ ጎን አሳጥሬ መለስኩት። የስክሪኑ እግር ላይ 100 ማይክሮፋራድና 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በየድኩ። ፍጥነቱን ከ400 ወደ 100 ኪሎ ኸርዝ አወረድኩት፤ ሙሉ ስክሪን ለመላክ ከመቶ ሚሊሰከንድ ትንሽ የሚያልፍ ጊዜ ይወስዳል፣ ለሙቀት ይበቃል። ኮዱ ላይ የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። በየአሥር ሰከንዱ የማስጀመሪያ ትእዛዞቹን ዳግም ይልካል። 174ን ግን አውጥቻለሁ፤ እሱ «ጥፋ» ስለሆነ በየአሥር ሰከንዱ ያርገበግበዋል።

ሣጥኑን ወደ ቦታው ስመልስ ከጎኑ የተለጠፈ ወረቀት አየሁ። በእስክሪብቶ፣ በእትዬ የእጅ ጽሑፍ፦ «ፍሪጅ ሲነሳ ይጠፋል። አትደንግጡ።» ለሠራተኞቻቸው ነው የጻፉት፣ በመጀመሪያው ቀን። በስልክ ስንነጋገር አልጠየቅኳቸውም፣ እሳቸውም አልነገሩኝም።

ወረቀቱ አሁንም አለ። «ይጠፋል» የሚለውን ሰርዘው «ቢጠፋም በአሥር ሰከንድ ይመለሳል» ብለውበታል።